አባቴ ያልተኮሰበት ጠመንጃ

አባቴ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ቤታችን ከሱቁ ጀርባ ስለነበር ያደግኩት በመቀስ ድምፅና በወንዶች ወሬ መሃል ነው። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ሁለት የሚሽከረከሩ ወንበሮች፣ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የያዘ መስታወት፣ ተራ ጠባቂዎች የሚደረደሩበት ረጅም አግዳሚ። ከአግዳሚው ጫፍ፣ እርጥብ ፎጣ ከሚሰጣበት ሽቦ ሥር ያለችው ጥግ የእኔ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን እዚያ ወርውሬ፣ የቤት ሥራ የምሠራ መስዬ ጆሮዬን አቆማለሁ።

እናቴ "ለምኔ" ነበር የምትለኝ። አፌን የፈታሁት "ለምን" በሚለው ቃል ነው ትላለች። እውነት ይሁን አይሁን እንጃ፣ ስሙ ግን ተለጠፈብኝና ደንበኞቹም ለምኔ ይሉኝ ጀመር። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የስፌት መኪናዋ ከኋላ ክፍል ሲንኳኳ ይውላል። በጥያቄ ሳደክማት "ሂጂ አባትሽን ጠይቂ፣ እሱ የሰው አንገት ይዞ ስለቆመ ሮጦ አያመልጥሽም" ትለኛለች።

አባቴ ደግሞ መልስ የማያውቅ ሰው ነበር። ይህን የምለው ላማው አይደለም። ሌሎች አባቶች የማያውቁትን ሲጠየቁ ወይ ይቆጣሉ ወይ የመጣላቸውን ይናገራሉ። የእኔ አባት መቀሱን አየር ላይ አቁሞ ትንሽ ያስብና "አላውቅም ልጄ፣ እስቲ እንየው" ይላል። አንድ ቀን የተቆረጠ ፀጉር ውኃ ላይ ለምን እንደሚንሳፈፍ ብጠይቀው፣ ደንበኛውን ግማሽ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ግማሹ እንደጎፈረ ትቶት ባልዲ ሊያመጣ ወጣ። ሰውዬው የባንክ ቤት ጥበቃ ነበሩ። እሳቸውም ቆይተው አንገታቸው ላይ ጨርቅ እንደታሰረ ተነሥተው መጡና ከእኛ ጋር ባልዲው ላይ አጎነበሱ።

ከደንበኞቹ ሁሉ ጆሮዬን የሚስበው ዝምታ ነበር። ዝምታ የተባለው አፉ ስለማይዘጋ ነው። ሥራው ቧንቧ መጠገን ነው፤ ልቡ ግን ያለው አደን ላይ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሳምንቱ ያደነውን ሊያወራ፣ ሲመቸው ደግሞ ሊላጭ ይመጣል። ካልተዋሸ ወሬው አይጣፍጥም እንደሚባለው፣ እሱ ያወራው ዳክዬ ከሳምንት ሳምንት ይወፍር ነበር። እኔን ግን የያዘኝ የዳክዬው ውፍረት ሳይሆን በመሃል ጣል ያደረጋት አንዲት ነገር ናት።

"ዳክዬ ስትበር ያለችበት ላይ አይተኮስም" አለ ፊቱን ሳሙና ሞልቶት። "ልትደርስበት ያለው ባዶ ሰማይ ላይ ነው የሚተኮሰው።"

እርሳሴ ከእጄ ወደቀ። "ጋሼ ዝምታ፣ ታዲያ ዳክዬዋ ሐሳቧን ብትለውጥስ?"

አግዳሚው ላይ ያሉት ሳቁ። አባቴ ግን አልሳቀም። ምላጩን በእጁ እንደያዘ ወደ ላይ አሻቅቦ እያየ፣ "እውነትም" አለ። "ብትለውጥስ?"

ዝምታ ወሬውን ከአደን ወደ ቧንቧ አዞረ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ያ ነገር ከራሴ አልወጣ አለ። ባዶ ቦታ ላይ ተኩሶ መምታት! መንገድ ላይ ስሄድ ብስክሌት ነጂዎችን በጣቴ እየተከተልኩ፣ አሁን ብተኩስ የት ይደርሱ ነበር እላለሁ። በመጨረሻ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቶኝ ሳለ፣ ዝምታ ወንበሩ ላይ ተንጋሎ አባቴ ጉሮሮውን ሲላጨው ድፍረቱ መጣልኝ።

"አባዬ፣ ጠመንጃ መተኮስ መማር እፈልጋለሁ።"

"ለምን?" አለ አባቴ። ቃሉን ከእኔ ነው የለመደው።

"የሌለችበት ቦታ ላይ እንዴት እንደሚመታ ማየት እፈልጋለሁ።"

ዝምታ በሳሙናው ውስጥ በሳቅ ፍርፍር አለ። "ሴት ልጅና ጠመንጃ! ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ዘንድሮ ስንቱን..."

አባቴ ምላጩን ጉሮሮው ላይ እንዳሳረፈ ቆመ። "እስቲ ድገመው" አለው በቀስታ። "ግን አንገትህን ሳታንቀሳቅስ።"

"እኔ እኮ... ጎበዝ ልጅ ናት ነው ያልኩት" አለ ዝምታ፣ በከንፈሩ ጫፍ ብቻ። አግዳሚው በሳቅ ፈረሰ።

ማታ እናቴ አልሳቀችም። "ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ። ወንዶቹ ሱቅህ ውስጥ የሚቀባጥሩትን ሁሉ ልጄ ልትሞክር ነው?"

"ከሆዷ አይወጣላትም" አላት አባቴ። "እዚህ እያየኋት ብትሞክረው ይሻላል፣ የሆነ ቦታ ተደብቃ ከምትነካው።"

"አንተ ራስህ ተኩሰህ የምታውቅ ይመስል!"

"አላውቅም። አብረን እናያለን።"

እናቴ የስፌት መኪናዋን ከወትሮው አጥብቃ ትረግጠው ጀመር።

የመጀመሪያው ጠመንጃዬ በአየር የሚተኩስ ነበር። ዝምታ ለወንድ ልጁ ገዝቶለት፣ ልጁ ኳስ ይሻለኛል ብሎ ጥሎት አቧራ ሲጠጣ የኖረ ነው። አፈሙዙን ከማጠፊያው ወደ ታች ሰብረሽ አየር ታምቂያለሽ፣ ከምስር የማትበልጥ የእርሳስ ፍሬ ታጎርሺዋለሽ፣ ትመልሺዋለሽ። ክብደቱ ከጠበቅኩት በላይ ነበር። የዘይትና የአሮጌ እንጨት ሽታ ነበረው።

ሱቁ የተዘጋበት እሁድ ስለነበር አባቴ ንጹሕ ፎጣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ሳንተኩስ መጀመሪያ ውስጡን እንየው አለ። ዝምታን አጠገቡ አስቀምጦ እየጠየቀ ጠመንጃውን ፈታታው፤ ብሎኖቹን በወጡበት ተራ ልክ እንደ መቀሶቹ ደረደራቸው። ዝምታ ጣት የሚያርፍበትን ጠማማ ብረት አንሥቶ "ይቺ ምላጭ ትባላለች" አለኝ።

"ምላጭማ የአባዬ ነው" አልኩ። "ለምን አንድ ስም አላቸው?"

ዝምታ ትከሻውን ሰበቀ። አባቴ ብረቷን ተቀብሎ በአንድ እጁ፣ የመላጫ ምላጩን በሌላ እጁ ይዞ አያቸው።

"አላውቅም" አለ። "ግን ሁለቱም ላይ ሰው እያሰበ ካልሆነ ጣቱን አያሳርፍም። ምናልባት ለዚያ ይሆናል።" ከዚያም ወደ እኔ ዞረ። "አንድ ነገር ብቻ ቃል ግቢልኝ። ይህን ዕቃ ባነሣሽ ቁጥር፣ ከምንም ነገር በፊት ባዶ መሆኑን ታያለሽ። ስትሮጪም፣ ስትቸኩዪም፣ እኔ ራሴ ስጠራሽም። መጀመሪያ ባዶ መሆኑን፣ ከዚያ ሌላው።"

ቃል ገባሁ።

ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ፣ የድንጋይ አጥሩ ሥር አሸዋ የሞላ ጆንያ ደርድረን፣ ላዩ ላይ ባዶ የፀጉር ቅባት ቆርቆሮ አቆምን። ተኮስኩ። ሳትኩ። ደግሜ ተኮስኩ። ሳትኩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሳምንታት አለፉ፤ ቆርቆሮዋ አንድ ጭረት እንኳ ሳይነካት ዝናብና ፀሐይ ተፈራረቁባት። የሚገርመው፣ ዘወትር የምስተው በግራ በኩል ነው። ጆንያው በግራ ጎኑ ወንፊት ሆኖ አሸዋውን ያፈስ ጀመር።

"አንድ ዓይንሽን ጨፍኚ!" ይላል ዝምታ።

የግራ ዓይኔን ለብቻ መጨፈን አልችልም። ስሞክር ሁለቱም ተከድነው አፌ ይከፈታል። ዝምታ እንደዚያ ስሆን ባየ ቁጥር ሳቁን ለመዋጥ ያስላል። እኔም በመጨረሻ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፌ፣ ከእንግዲህ በቃኝ አልኩ።

አባቴ በቃኝ ማለቴን ሰምቶ አልተከራከረኝም። "ፀጉርሽ አድጓል፣ ነይ ላስተካክልሽ" ብቻ አለኝ። ወንበሩ ላይ ወጣሁ። እሱ ከኋላዬ ቆሞ ሲቆርጥ፣ እኔ ኩርፊያዬን ይዤ፣ ክንዴን ከጨርቁ ሥር አውጥቼ መስታወቱ ውስጥ የሚታየው አፍንጫው ላይ ጣቴን አነጣጠርኩ። ቡም፣ አልኩ በሆዴ።

መቀሱ ቆመ።

"እንዳትንቀሳቀሺ" አለ። "አፍንጫዬ ላይ ነው ያነጣጠርሽው?"

"አዎ። ይቅርታ..."

"ምን ይቅርታ አለው! በሁለቱም ዓይንሽ ነው የምታዪኝ?"

"አዎ።"

"ታዲያ ከዚህ ሳይሽ ጣትሽ ለምን የግራ ዓይንሽን ሸፈነው? ለምን መሃል አልሆነም?"

መስታወቱን አየሁ። እኔ የማየው የእሱን አፍንጫ ነበር። እሱ ደግሞ መስታወቱ ውስጥ የሚያየው የእኔን ጣት ነው፤ የግራ ዓይኔ ፊት እንደ ክዳን ተቀምጧል። ወንበሩን አዙሮ ፊት ለፊቴ ቆመና በድጋሚ አስነጣጠረኝ። ያው ግራ። ቦታ ለወጥንና እሱ በእኔ አፍንጫ ላይ ጣቱን ቀሰረ። የእሱ ጣት የቀኝ ዓይኑን ሸፈነ።

"አንቺ በግራ ዓይንሽ ነው የምታነጣጥሪው" አለ ቀስ ብሎ፣ አንድ በር ሲከፈት እያየ እንዳለ ሰው። "ጠመንጃውን ግን ቀኝ ትከሻሽ ላይ ነው ያስደገፍንሽ። ዓይንሽ እዚህ፣ ጠመንጃው እዚያ! ታዲያ እንዴት አትስቺ?"

በዚያ ቀን ሱቃችን የገባ ሰው ሁሉ ሳያነጣጥር አልወጣም። አባቴ ወንበር ላይ ያስቀምጥና "ይቅርታ፣ ከመጀመራችን በፊት እስቲ ጣትዎን አፍንጫዬ ላይ ይቀስሩልኝ" ይላል። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ደንግጠው ምን አጠፋሁ አሉ። ጥርስ ሐኪሙ ደስ ብሏቸው ደጋግመው ሞከሩት። አብዛኛው ሰው ቀኝ ነበር፤ አንዳንዱ ግን እንደኔ ግራ። ግራ ሰው በተገኘ ቁጥር አባቴ መቀሱን አስቀምጦ "ለምኔ! አንድ ተጨመረልሽ!" ብሎ ይጣራል። ያን ቀን ስንቱ ጆሮው ላይ ፀጉር ቀርቶበት እንደሄደ እግዜር ይወቀው።

የጠመንጃው ሰደፍ፣ ጉንጭ የሚያርፍበት ጎኑ፣ ለቀኝ ሰው የተሠራ ነበር። አባቴ ከአናጢው ሞረድ ተውሶ ሲፍቀው ሰነበተ። ትንሽ ይፍቃል፣ ጉንጬን ያስደግፋል፣ እንደገና ይፍቃል። ልክ ጢም እንደሚያስተካክል ነው። ሲጨርስ ሰደፉ መልኩ ተበላሽቶ ነበር፤ ጉንጬ ላይ ግን ልክ መዳፍ ሆኖ ተቀመጠ።

በግራ ትከሻዬ ይዤ የተኮስኩበትን የመጀመሪያ ጠዋት አልረሳውም። ቆርቆሮዋ "ጢን" ብላ ወደ ኋላ ተገለበጠች። እኔ ሳልጮህ አባቴ ጮኸ። እናቴ ሰው የሞተ መስሏት መርፌ በአፏ እንደያዘች ሮጣ ወጣች።

ዛሬ መሬት ቀያሽ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ በመሣሪያ ቀዳዳ አሻግሬ ስመለከት እውላለሁ፣ ሁልጊዜም በግራ ዓይኔ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማደርገው አፍንጫዬ ላይ ማስነጣጠር ነው። ለምን እንደሆነ እስኪገባቸው እብድ አለቃ ደረሰብን ይላሉ።

ሁለተኛው ጠመንጃ የመጣው አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ነው። ባለ አንድ አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ፣ አንዴ ሲተኮስ ደቃቅ የእርሳስ ፍሬዎች የሚበትን። ፈቃዱን ለማውጣት ዕድሜዬ ስላልደረሰ በአባቴ ስም ወጣ። ፖሊስ ጣቢያ አብረን ሄድን። አንድ ወፍራም መርማሪ ከወንበሩ ሳይነሣ "አደን ከጀመሩ ስንት ዘመን ሆነዎት?" አለው።

"እኔ አላድንም" አለ አባቴ።

"ታዲያ ጠመንጃው ለምንዎ ነው?"

"ልጄ ዳክዬ ሐሳቧን ብትለውጥ ምን እንደሚሆን ማየት ትፈልጋለች።"

መርማሪው ለረጅም ጊዜ ካየው በኋላ እኔን አየ፣ እንደገና እሱን አየና ማኅተሙን አነሣ። እንግዲህ በሕግ ፊት አዳኙ አባቴ ነበር፤ አንድም ቀን ያልተኮሰ አዳኝ።

ለአደን በምንወጣበት ዋዜማ የድሮ ካፖርቴን ስፈልግ አጣሁት። እናቴ ከኋላ ክፍል ይዛው መጣች። ግራ ትከሻው ላይ፣ ከውስጥ ጥጥ የተጠቀጠቀበት ወፍራም ቆዳ ተሰፍቶበታል። ስፌቱ ጥቅጥቅ ያለ፣ የእሷ ምርጥ ስፌት ነው።

"አንቺ እኮ ጠመንጃ አትወጂም" አልኳት።

"ጠመንጃውን መች ሰፋሁት?" አለች። "ትከሻሽን ነው የሰፋሁት።"

ዝምታ በአሮጌ መኪናው ዳክዬ የሚያድንበት ሐይቅ ዳር አድርሶን፣ እሱ ወደ ወዲያኛው ዳርቻ ዞሮ ሄደ። ጎህ እየቀደደ ነበር። ጉም ውኃው ላይ ተኝቷል፤ ሸምበቆው ከጉሙ በላይ ጫፍ ጫፉ ብቻ ይታያል። እኔና አባቴ አንድ የወደቀ ግንድ ሥር ተቀመጥን። እሱ የያዘው የዳቦ ከረጢትና የሻይ ፔርሙዝ ብቻ ነው። በሹክሹክታ ያያቸውን ሁሉ ይጠይቀኛል። ያ ክብ የሚሠራው ዓሣ ነው ወይስ ነፍሳት? ጉሙ ወደ ላይ ነው የሚሄደው ወይስ እዚያው ነው የሚጠፋው? ዝም በል እንዳልለው አባቴ ነው፤ ሳቄን ዋጥኩ።

ድንገት ክንፍ ውኃውን መታው። ዳክዬዎች ተነሡ። ጠመንጃውን ግራ ትከሻዬ ላይ አሳረፍኩ፤ አንዷን በዓይኔ ያዝኳት፤ ከዚያ አፈሙዙን ይዤ አልፌያት ሄድኩ፣ ምንም ወደሌለበት ወደ ግራጫው ሰማይ፣ እና ምላጯን ሳብኩ። ድምፁ ሐይቁን ሁሉ ሞላው። ዳክዬዋ ሐሳቧን አልለወጠችም። እኔ ጥይቱን ወደላክሁበት ቦታ ራሷ መጣችና ተገናኙ።

ስትወድቅ ሳይ ደስ አለኝ፤ ደስታው ሳያልቅ ደግሞ አዘንኩላት። ጆሮዬ እየጮኸ፣ እጄ በልምድ ብቻ ሌላ ጥይት አጎረሰ። ያኔ ሸምበቆው ውስጥ ክንፍ ሲንፈራገጥ ሰማን።

"አልሞተችም" አለ አባቴ። ጫማውን እየፈታ ነበር።

"እኔ ልሂድ፣ እኔ ነኝ የመታኋት።"

"አንቺ ጠመንጃ ይዘሻል። እኔ ባዶ እጄን ነኝ። እንደዚያ ቆስላ አትቀርም።"

ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ። መጀመሪያ ውኃው ጉልበቱ ድረስ ነበር። ሸምበቆውን እየከፈለ ራቅ አለ፣ አጎነበሰ፣ የሆነ ነገር ያዘ። ሊመለስ ሲዞር ድንገት አጠረ። የተቀመጠ መሰለኝ። ከዚያ ደግሞ አጠረ።

"ልጄ" አለ፣ ደንበኛን ትንሽ ቀና ይበሉ እንደሚለው ባለ ረጋ ያለ ድምፅ። "እግሬ እምቢ አለኝ።"

የሐይቁ ሥር ጭቃ ነበር፤ አንድ እግሩን ሊያወጣ ሲሞክር ሌላው ይሰምጣል። ዝምታን ጠራሁት፤ ድምፄ ጉሙ ውስጥ ቀረ። የተጋደመ ሸምበቆ እየረገጥኩ ሮጥኩ። ስደርስ ውኃው ደረቱ ላይ ነበር። በእጄ ካለው ሁሉ ረጅሙ ጠመንጃው ነው። ላቀብለው ስል እጆቼ ቆሙ። አፈሙዙን ወደ ታች ሰብሬ ከፈትኩት። ጥይቱን ማውጣት ጀመርኩ፤ ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው አልታዘዝ አሉኝ።

"ምን እየሠራሽ ነው?" አለ አባቴ።

"እያወጣሁት ነው!"

"እየሰመጥኩ እኮ ነው ለምኔ!"

"መጀመሪያ ባዶ መሆኑን ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ!"

እንደዚያ ሆኖም ሳቀ። ደረቱ ድረስ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ሳቀ። ጥይቱ ወጣ፤ ኪሴ ከተትኩት፤ ባዶውን በዓይኔ አየሁና ዘጋሁት። በሆዴ ሸምበቆው ላይ ተኝቼ፣ አፈሙዙን ይዤ ሰደፉን ዘረጋሁለት። ከሰደፉ የተንጠለጠለውን ማንገቻ በአንድ እጁ ያዘ።

"በሁለቱም ያዝ!"

"አልችልም።"

"ለምን?"

"ዳክዬዋን ይዣለሁ።"

"አባዬ ልቀቃት!"

"ብለቃትማ ለምን ገባሁ?"

ሳብኩ። ያን ያህል ጉልበት የት እንደነበረኝ እንጃ። ሰደፉ ቀጭኑ ቦታ ላይ ሲሰነጠቅ ተሰማኝ፤ ማንገቻው ግን ያዘ። ጭቃው አንድ እግሩን ለቀቀው፣ ቆይቶ ሌላውን፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ተንሸራቶ ወጣና ሁለታችንም እንደ ዓሣ አፋችንን ከፍተን ሸምበቆው ላይ ተዘረርን።

ዳክዬዋ ክንፏ ተሰብሮ፣ ዓይኗ ግን ክፍት ነበር። አባቴ የያዛት ለመጀመሪያ ጊዜ ፀጉሩ የሚቆረጥ ሕፃን ጭንቅላት እንደሚይዘው ነው።

"አትድንም" አለ።

"አውቃለሁ።" ተቀብዬው ዝምታ እንዳሳየኝ ገላገልኳት፣ በፍጥነት። አባቴ ፊቱን አላዞረም። እስከ መጨረሻው አየኝ።

ግንዱ ሥር ተመልሰን፣ ሻዩን በፔርሙዙ ክዳን እየተቀባበልን ስንጠጣ፣ ለዓመታት በሆዴ የነበረውን ጠየቅሁት።

"አንተ ለምን አትተኩስም? ቆርቆሮዋን እንኳ አንድ ቀን አልሞከርክም።"

እጆቹን አየ። ጭቃው ደርቆ ጓንት ያጠለቀ መስሏል።

"ዕድሜዬን ሁሉ ስለት ይዤ የሰው አንገት ላይ ነው የኖርኩት" አለ። "ይቺ እጅ የተማረችው አንድ ነገር ነው፤ ቆዳ ጋ ስትደርስ መቆም። ሰዎች ዓይናቸውን ጨፍነው አንገታቸውን የሚሰጡኝ ለዚያ ነው። እንዳትቆም ባስተምራት፣ ሰኞ ጠዋት ወንበሬ ላይ ለሚቀመጠው ሰው ምን እለዋለሁ?"

"እኔንስ ታዲያ ለምን አስተማርከኝ?"

"የአንቺ እጅ የእኔ አይደለችም። ጥያቄውም የአንቺ ነበር" አለ። ቀጥሎ ፊቱ በራ። "ግን ንገሪኝ እስቲ፣ ስትተኩሺ ምን አየሽ? ዳክዬዋን ነው ወይስ ባዶውን ቦታ?"

አሰብኩ። "ሁለቱንም። ግን ዳክዬዋን ደብዘዝ አድርጌ።"

"ደብዘዝ አድርገሽ!" አለ፣ ከሐይቅ ውስጥ ተጎትቶ መውጣቱን ፈጽሞ ረስቶ። "እስቲ እሱን በደንብ አስረጂኝ።"

ቤት ስንደርስ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ከእግሩ እስከ ራሱ በጭቃ የተለሰነውን ባሏን፣ የተሰነጠቀውን ጠመንጃና አንዷን ዳክዬ ተራ በተራ አየች።

"ማን ማንን ነው ያደነው?" አለች።

አባቴ ጉንፋን ይዞት ሰነበተ። ሱቁ እንደተከፈተ ዝምታ ታሪኩን ተረከበው፤ በሦስተኛው ቅዳሜ ሐይቁ ባሕር ሆኖ፣ አባቴን ጎትቶ ያወጣው እኔ ሳልሆን ዝምታ ነበር። አባቴ ሲሰማ "እንደሱ ነበር እንዴ?" እያለ በአድናቆት ይጠይቀዋል። ሰደፉን ደግሞ በማጣበቂያና በቀጭን ሽቦ ጠገነው። ከተፋቀው የመጀመሪያው ጠመንጃ ሰደፍ በላይ አስቀያሚ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አደንኩ። ዕድሜዬ ሲደርስ ፈቃዱ ወደ ስሜ ዞረ። አባቴ እናቴ ካረፈች በኋላም፣ ሱቁን ከዘጋ በኋላም፣ ከረጢቱን ይዞ አብሮኝ ይወጣ ነበር። ምን ገደልሽ ብሎኝ አያውቅም። ምን አየሽ ነው የሚለኝ። ጉልበቱ ሲከዳው እኔ ጋ መጥቶ ይኖር ጀመር፤ እኔ ስወጣ እሱ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

አንድ ጠዋት ባዶ እጄን ተመለስኩ። ምንም አልተኮስኩም፤ አንዲት ሽመላ ውኃው ዳር በአንድ እግሯ ቆማ፣ እሷን ሳይ ነው የረፈደብኝ አልኩት።

"በየትኛው እግሯ?" አለኝ።

አሰብኩ። አላስተዋልኩም።

"ሁልጊዜ በአንዱ ነው የምትቆመው ወይስ ታፈራርቃለች?"

"አላውቅም አባዬ።"

ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ዓይኑ በሞራ ተሸፍኖ ብርሃን ብቻ ነበር የሚለየው። ነገሩ ግን አላስቀመጠውም። ሾርባውን ሲጠጣ አነሣው። ሊተኛ ሲል አነሣው። በማግስቱ ጠመንጃውን ቁም ሣጥን ውስጥ ትቼ ታጣፊ ወንበር መኪናው ላይ ጫንኩ፤ ካፖርቱን አለበስኩትና ደግፌ ሐይቁ ዳር ወስጄ አስቀመጥኩት።

ሽመላዋ አልነበረችም።

"የለችም" አልኩት።

"ጠብቂ" አለ። "ገና ጠዋት ነው።" ጆሮውን ወደ ውኃው አዘነበለ። "ይሄ የሚንቦጫረቀው ምንድነው?"

አሻግሬ አየሁ። አንድ ትንሽ ጥቁር ነገር ውኃው ውስጥ ብቅ ጥልቅ ይላል፤ ምን እንደሆነ ከዚያ ርቀት አይለይም።

"አላውቅም" አልኩት፣ ጫማዬን እየፈታሁ። "ቆይ ቀረብ ብዬ ልየው።"